የደም ኪኒን ዕቅድ

ጓድ ሣህሉ ቡልጋሪያ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሲመለስ ይዞት የመጣው ቁም ነገር አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ሌላ የተማረው ነገር ካለ እኛ አላየንበትም። በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ክረምቱ ጣናን ገፍቶ እስከ አጥራችን ባደረሰበት ሰሞን፣ የድርጅታችን ሴቶች ሽንት ቤት ገብተው ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ ማስቆጠር የጀመረው በዚያ ሰዓት ነበር። ሰውየው የድርጅቱ የፓርቲ ተጠሪ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ስልሳ ሁለት ሴቶች ለሚሊሺያ ሱሪና ሸሚዝ የሚሰፉበት አንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሽንት ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የሐይቁ ደንገል ከሚጀምርበት አጠገብ፣ አራት በር ያለው ነበር።

እኔ የድርጅቱ የጤና ረዳት ነበርኩ። ስሜ ፅጌ ማርያም ነው። ሠራተኞቹ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ትመስላቸዋለች፤ «ሲስተር ፅጌ» ሲሉኝ አላረምኳቸውም፣ ደስም ይለኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስመጣ የተረከብኩት አንድ አልጋ፣ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የሚመዝን ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፈ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ነው። ተረቱን ያስጻፈው ሣህሉ ነው። የክሊኒኩ በር ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ያዘዘውም እሱ ነው፤ ሠራተኛ ታመምኩ እያለ ተደብቆ እንዳይቀመጥ። እንግዲህ በሩ ተከፍቶ፣ ደጁ ላይ ሰው ተሰልፎ፣ በሽታውን የማይደብቅ ሰው ከተገኘ እሱን ማየት ነበር።

ነገሩ የተነሣው በደም ነው። ሰኔ ላይ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሐኪሞች የሴቶቹን ጣት እየወጉ ደም ወሰዱና ሠላሳ አንዱ ደም አንሷቸዋል አሉ። ሐምሌ ላይ ኪኒን በካርቶን መጣ። የብረት ኪኒን ነው፤ ሴቶቹ «የደም ኪኒን» አሉት። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ወረቀት በቀን ሁለት ጊዜ አንዳንድ፣ ከምግብ ጋር፣ ለሦስት ወር ይላል። ሣህሉ ወረቀቱን አንብቦ ጣቱን አጣጠፈና ሦስት ወር ከጠበቅን መስከረም እንደሚያልፈን ደረሰበት። ሪፐብሊኩ የሚታወጀው መስከረም ላይ ነው፤ የእኛም ሪፖርት ከአዋጁ በፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ ኪኒኑ እጥፍ ሆነ፤ ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሁለት። ሱሪ በእጥፍ ከተሰፋ ደምስ በእጥፍ እንዳይሞላ ምን ያግደዋል?

«ጓድ፣ ይህ ኪኒን ባዶ ሆድ ላይ ይከብዳል» አልኩት።

«ጓድ ፅጌ፣ አብዮቱም የፈነዳው ባዶ ሆድ ላይ ነው» አለኝ። ራሱ ተናግሮ ራሱ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ያን ሳቄን ዛሬም እጠላዋለሁ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። የእሱን ጉድ ሳወራ ይህን ብዘል ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። «ለሴቶቹ ገለጻ ይደረግላቸው ወይ? ኪኒኑ ምን ምን ያደርጋል?» አለኝ። ለምን እንደጠየቀ እንጃ፤ ገለጻ የሚባል ነገር ስለሚወድ ይሆናል። ኪኒኑ ምን ምን እንደሚያደርግ ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ይቆርጣል፣ ዓይነ ምድርን ያጠቁራል። ይህን የሰማች ሴት ኪኒኑን ጉንጯ ሥር ይዛ ሄዳ ደንገሉ ውስጥ እንደምትተፋውም አውቃለሁ። ዕቅዱ ላይ ደግሞ ከሣህሉ ፊርማ ቀጥሎ ያለው የእኔ ፊርማ ነው።

«ካወቁ አይውጡም» አልኩት።

እሱም ነገሩን ተወው።

የሚዋጠው እንዲህ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ የስፌት መኪናዎቹ ሳይነሡ፣ ሠላሳ አንዱ ሴቶች ይሰለፋሉ። ድርጅቱ በነጻ የሚያቀርበው ሻይ በጣሳ ይቀዳል። እኔ ኪኒን አድላለሁ፣ እነሱ ይውጣሉ፣ ከዚያ ሣህሉ ፊት ቆመው አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አንሥተው ያሳያሉ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ሆነና ክርስቲያኖቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሱም። የንስሐ አባቶቻቸው መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለው ኪኒኑን ፈቀዱላቸው፤ እህሉን ግን አልፈቀዱም። ስለዚህ ኪኒኑ በሁለት ጉንጭ ውሃ ባዶ ሆድ ላይ ይወርድ ጀመር። ሙስሊሞቹ በሻይ መዋጣቸውን ቀጠሉ፤ ሻይ ደግሞ ብረቱን ይዞ ደም ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል። አንዱ ወገን ጨጓራው ተላጠ፣ ሌላው ወገን ያልጠቀመው ኪኒን ሆዱን አደረቀው። ወለላ የምትባል ቁልፍ ተካይ አንድ ጠዋት ምላሷን ልታሳይ ቆማ ሣህሉ ጫማ ላይ አስመለሰች። ሣህሉ የደሞዝ ቅጣት ጻፈባት፤ ጫማውን ያስጠረገውም በእሷ ነው።

ከሠላሳ አንዷ አንዷ የሺመቤት ናት። የዱርቤቴ ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት ልጁ ሞቶ እሷ ለጥቂት ተርፋለች። የክፍለ ሀገሩ ሐኪም የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አይቶ ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነገረኝ፤ ደሟ እንዲህ እንደቀጠነ ምጥ መጥቶ እንደ በፊቱ ብትደማ አትተርፍም። ስለዚህ ኪኒኑ ለሣህሉ ዕቅድ ቢሆን ለእሷ ነፍስ ነበር። ይህን ራሷም ታውቃለች፤ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የምትሰለፈው እሷ ናት። ነፍሰ ጡር ነሽና ጾሙን ተዪው ብትባል እምቢ አለች፤ ያለፈውን ልጅ ያጣሁት ፍልሰታን ገድፌ ነው ባይ ነች። አማቷ አቶ ቢያዝን እዚያው ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ቁጥብ፣ የተከበሩ ሽማግሌ። በእሳቸው ፊት የሺመቤት ቀና ብላ ውሃ እንኳ አትጠጣም ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክሊኒክ መጣች። በሩ እንደ ወትሮው ተከፍቷል፣ ከኋላዋ ሦስት ሰው ቆሟል።

«ሲስተር፣ ሆዴ ከበደኝ» አለችኝ።

«ነፍሰ ጡር አይደለሽ? ይከብድሻላ።»

«እሱስ ያለ ነው። ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ ቢሰሙኝ…» ብላ ወደ በሩ ዞር አለች። ከተሰለፉት አንዱ ልብስ ቆራጩ ነበር። ወንድ ነው፤ ጆሮው ደግሞ ወደ እኛ ነው።

«ምን አየሽ?»

«ኧረ ምንም። ይቅር።»

ምን እንዳየች ገብቶኛል። ተነሥቶ በሩን መግፋት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። «ኪኒኑን እንዳታቋርጪ» ብዬ ሸኘኋትና ቀጣዩን ጠራሁ።

በነሐሴ አጋማሽ ሴቶቹ ሽንት ቤቱን ቤታቸው አደረጉት። አንዷ ገብታ ሃያ ደቂቃ፣ አንዷ ግማሽ ሰዓት። አራቱም በር ተዘግቶ ደጁ ላይ አምስት ስድስት ሴት ይጠብቃል። ሁለቱ ኮሶ ተነሣብን ብለው ኮሶ ጠጥተው መኪናቸው ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የሱሪው ቁጥር አሽቆለቆለ። ሌላ ሰው ቢሆን እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሣህሉ ግን የተማረ ነው። ሴቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግማሽ ሰዓት ከቆዩ ኅቡዕ ስብሰባ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በዚያ ላይ ወቅቱ መጥፎ ነበር፤ በቋራ በኩል የኢሕአፓ ወረቀት ከተማ ገባ እየተባለ ይወራል።

ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ለዘበኛው ለአስማማው ሰጠውና ሽንት ቤቱ ደጅ አስቀመጠው። አስማማው ጨዋ ሰው ነው። ሴት ሽንት ቤት ስትገባ ማየት ነውር ሆኖበት ጀርባውን ለበሮቹ፣ ፊቱን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። በር ሲከፈትና ሲዘጋ እየሰማ ደቂቃ ይጽፋል፤ ስማቸውን የሚጽፈው በሳልና በኮቴ እየገመተ ነው። አብዮቱን ይጠብቅ የነበረው መረጃ ይህ ነው። በዝርዝሩ ላይ ከሁሉ የበለጠ የቆዩት የሺመቤትና ሐሊማ ሆነው ተገኙ። ሐሊማ የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ምላሷ ሰው የማይፈራ፣ የሺመቤት የልብ ጓደኛ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን ገብተው በግድግዳው አሳብረው አይዞሽ ይባባሉ ነበር።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የውይይት ክበብ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሣህሉ የአስማማውን ወረቀት ዘርግቶ አነበበ።

«የሺመቤት። ማክሰኞ ሠላሳ አራት ደቂቃ። ረቡዕ አርባ አንድ ደቂቃ። ተነሺ። እዚያ ውስጥ ምን ትሠሩ ነበር?»

ተነሣች። አቶ ቢያዝን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልብስ ቆራጮቹ፣ መካኒኩና ሾፌሩ አሉ።

«መልሺ እንጂ። ሰው ሽንት ቤት ውስጥ አርባ አንድ ደቂቃ ምን ይሠራል? ጸሎት ነው?»

«እዚያ ውስጥ የአላህ ስም አይነሣም፣ ጓድ» አለች ሐሊማ ከተቀመጠችበት።

አንዳንድ ሰው ሳቀ። ሣህሉ ፊቱ ቀላ። «እሺ፣ ጸሎት ካልሆነ ምንድን ነው? አንቺ ንገሪን» ሲላት ሐሊማም አቀረቀረች። ያን ሁሉ ወንድ አየች፣ አቶ ቢያዝንን አየች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሠላሳ አንዱም ሴቶች ነገሩን ያውቁታል። እኔማ ምክንያቱንም ጭምር አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ሆዳቸው ደርቆ ነው፣ ያደረቀው ኪኒኑ ነው፣ ኪኒኑን በእጥፍ ያደልኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ፊርማዬም አብሮ ትዝ አለኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት።

«ወረቀት ሳነብ ነበር» አለች የሺመቤት። «እኔ ብቻ ነኝ። ሐሊማ የለችበትም።»

ሣህሉ ራሱ የደነገጠ ይመስለኛል። የሺመቤት መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ ስሟን ትጽፋለች፣ የሱሪ ቁጥር ታነባለች። በራሪ ወረቀት ግን በአርባ አንድ ደቂቃ ቀርቶ በአርባ ቀን አትጨርስም። ይህን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። በአማቷ ፊት የሆዷን ነገር ከምትናገር የአብዮቱ ጠላት መባልን መረጠች።

«ወረቀቱስ የት አለ?»

«ጣልሁት።»

«የት?»

«እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ።»

ማስረጃውን ማን ያውጣው የሚል ውይይት ተነሣ። ጓድ ሣህሉ ሥራውን ለአስማማው ሰጠ፣ አስማማው ለመካኒኩ መራው፣ መካኒኩ መሣሪያ የለኝም አለ። በመጨረሻ ማስረጃው ለጊዜው ባለበት ይቆይ ተባለ። የሺመቤት ግን አልቆየችም፤ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዷት። አቶ ቢያዝን ተነሥተው «ቤቴ ወረቀት ገብቶ አያውቅም» አሉ። የሰማቸው የለም።

ሞኝ ናት ብዬ ተናድጄባት ነበር። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን ንዴቱ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ነውሯን ሸፍና ጓደኛዋን አዳነች። እኔ ፊርማዬን ሸፍኜ ማንንም አላዳንኩም።

ሰኞ ጠዋት ሐሊማ ክሊኒክ መጣች። ገብታ በሩን በእግሯ መታ አድርጋ ዘጋችው።

«ቀበሌ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር። ሳቁብኝ» አለች። «አንቺ ሐኪም ነሽ፤ ይሰሙሻል። ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሽንት ቤት ልሄድ ነው በይና ውጪ። አርባ ደቂቃ መቆየት እንደሆነ ሞያ ሆኗል።»

አልሄድኩም። ጻፍኩ። «መድኃኒቱ በአንጀት እንቅስቃሴ ላይ በሚያስከትለው የጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። መጠኑን ማን እንደወሰነ፣ ማን እንደፈረመ አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ማኅተም መትቼ በፖስታ አሽጌ ለሐሊማ ሰጠኋት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ ምንም ስላልገባው ተርጉሚልኝ ብሏት እሷ በሁለት ቃል ተረጎመችለት አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት የሺመቤትን ለቀቋት።

ረቡዕ ጠዋት ለኪኒን አልተሰለፈችም። ሰልፉ ሲበተን ክሊኒክ መጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ሳልጋብዛት አልጋው ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አድራ ፊቷ የባሰ ነጥቷል። እስከዚያ ቀን እርስዎ ትለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብላኝ አታውቅም።

«ጥቁር ነበር» አለችኝ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ጥቁር ነው ያየሁ። መጀመሪያ ደሜ ተቃጥሎ የሚወጣ መሰለኝ። ኋላማ ልጄ ውስጤ ሙቶ የሚወጣ መሰለኝ። እዚያ የምቀመጥ ሆዴ ስለደረቀ ብቻ አልነበረም። ይንቀሳቀስ እንደሁ ብዬ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቅ ነበር። ኮሶ ልጠጣ ብዬ ሐሊማ ናት ከእጄ የደፋችው።»

ኮሶ ብትጠጣ ፅንሱን ታጣው ነበር።

«ቀበሌ ኪኒን የለም» አለች። «በሦስተኛው ቀን ሆዴ ለቀቀ፣ ጥቁሩም መጥራት ጀመረ። ኪኒኑ እንደሆነ ያኔ አወቅሁ።»

«ብረቱ ነው የሚያጠቁረው» አልኳት። «ሰውነት ያልወሰደው ብረት ነው፤ የተቃጠለ ደም አይደለም። ልጁን አይነካውም።»

«ሌላስ? ሁሉንም ንገሪኝ።»

ነገርኳት። እጥፉ የሣህሉ ዕቅድ እንጂ ሕክምና እንዳልነበረ። በቀን አንድም ቢሆን ሳይቋረጥ ከተዋጠ አራቱን ወስዶ ከማቋረጥ እንደሚሻል። ባዶ ሆድ ካስቸገራት ከእራት በኋላ እንድትውጠው፤ ጾም ቢሆንም ያን ጊዜ ማንም አይከለክላትም። በሻይ፣ በቡና፣ በወተት እንዳትውጠው፣ ይልቅ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቃበት። ቀኑን ውሃ በደንብ እንድትጠጣ። ተልባ ቆልታ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ ብትጠጣ፣ ፓፓያና ጎመን ብትበላ ሆዷ እንደሚለሰልስ። ጥቁሩ ኪኒኑ እስካለ እንደሚኖር፣ እንዳያስደነግጣት። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ይህን መቼ ተማርሽው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ዘጠኝ።»

ከአልጋው ወረደች። «ኪኒኑን እውጣለሁ» አለች። «ልጄን እፈልገዋለሁ፤ ነፍሴንም እፈልጋታለሁ። አንድ፣ ማታ፣ እራቴን በልቼ። አፌን ግን ከእንግዲህ ለማንም ከፍቼ አላሳይም።» የወር ቆጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ሳታመሰግን ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሣህሉ ሪፖርት አቀረበ። ስለታሰረችው ሴት አንድ ቃል አልተነፈሰም። የደም ኪኒን ዕቅድ መቶ ዐሥራ ሁለት በመቶ ተከናውኗል አለ። ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረውን ዐሥራ ሁለት በመቶ ማን እንደዋጠው እሱ ያውቃል። አጨበጨብን። «አስተያየት ያለው?» ሲል የሺመቤት ተነሣች።

መጀመሪያ ወደ አቶ ቢያዝን ዞራ እጅ ነሣች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ዛሬ ነውር ልናገር ነው» አለች። ከዚያ ተናገረች። የሆዷን መድረቅ፣ ጥቁሩን፣ አርባ አንዱን ደቂቃ፣ ወረቀት የሚባል ነገር እንዳልነበረ። ኋላም ኪኒኑ እንዴት እንደሚዋጥ ለሴቶቹ ስትነግራቸው፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ተልባው፣ ስለ ማታው፣ ገበያ ላይ የምታወራ ሰው ሆነች። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ቢያዝን ተነሥተው ይወጣሉ ብዬ ነበር፤ አልወጡም። ስትጨርስ ቀስ ብለው «ተልባ እኮ እቤት ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ሣህሉ ላብ አጥምቆታል። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በልቤ ስንቀው የከረምኩት ሰው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሊዋረድ ነው፤ እኔ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፌ ላየው ነው።

«ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም ነበር» አለ።

«እውነቱን ነው» አለች የሺመቤት። «አያውቅም። ሱሪና ደም አንድ የሚመስለው ሰው ምን ያውቃል?» ከዚያ ወደ ቆምኩበት ዞረች። «ሲስተር ግን ታውቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር።»

ሴቶቹ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ሣህሉን የተመለከተው አልነበረም።